«መንገዱ ይስፋ፣ ዳሩ ሁሉ ሱቅ ይሁን» ከማለታችሁ በፊት

ጥያቄ፦ «የምኖረው ከቃሊቲ በቱሉ ዲምቱ አድርጎ ወደ ገላን በሚወስደው አሮጌው የአዳማ መንገድ ዳር ነው። 500 ካሬ ይዞታ አለኝ። የመንገዱ ግራና ቀኝ የመሬት አጠቃቀምና የግንባታ ደንብ ሊከለስ ነው ይባላል። ለውይይት ከተጠራን የምንለውን ከጎረቤቶቼ ጋር ተስማምተናል። መንገዱ 3 በ3 መስመር ይሁን፣ ዳር ያለነው ሁላችንም ንግድ ይፈቀድልን፣ ፎቅም እንደ አቅማችን እንሥራ ልንል ነው። አንዳንዱ ደግሞ ‹ኮሪደር መጣ ማለት ቤታችሁ ሊፈርስ ነው› ይለናል። እኔ አጥሬን አፍርሼ 3 ሱቅ ላወጣ አስቤ ነበር። ልሥራ ወይስ ልጠብቅ?»

መልስ፦ መጀመሪያ ሁለት ነገር ተደበላልቋል። «ኮሪደር» ሲባል ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው በ2016 በመሀል ከተማ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ነው። እሱ የግንባታ ሥራ ነው። የእግረኛ መንገድ ይሰፋል፣ መብራት ይተከላል፣ የብስክሌት መስመር ይወጣል፣ ሕንጻ ይቀባል፣ መስመሩ ላይ ያለም ይነሳል። እርስዎ የሚጠይቁኝ ሌላ ነው። መንገድ ዳር ያለ መሬት ለምን እንደሚውል፣ ሕንጻው ምን ያህል ከፍ እንደሚል፣ ከመንገዱ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ መግቢያው በየት እንደሚሆን የሚናገር ደንብ ነው። ይህ ወረቀት ነው። ወረቀት ቤት አያፈርስም። ግን ነገ የግንባታ ፈቃድ ሲጠይቁ የሚለካብዎ በዚያ ወረቀት ነው። ስለዚህ «ሊያፈርሱን ነው» ብሎ መደንገጥም «ወረቀት ነው» ብሎ መናቅም አያዋጣም።

ሕጉን ባጭሩ ልበል። በከተማ ፕላን አዋጅ 574/2000 መሠረት አንድ ከተማ ሁለት ዓይነት ፕላን አለው። መዋቅራዊ ፕላን ከተማውን በሙሉ ያያል። ዋናው መንገድ የት እንደሚያልፍ፣ የቱ አካባቢ ለመኖሪያ፣ የቱ ለፋብሪካ፣ የቱ ለቅይጥ አገልግሎት (መኖሪያና ንግድ ተደባልቆ) እንደሚውል ያሳያል። የአካባቢ ልማት ፕላን ደግሞ ወርዶ ሰፈሩን ያያል። የእርስዎን 500 ካሬ በቀጥታ የሚነካው እሱ ነው። የአዲስ አበባ መዋቅራዊ ፕላን ከ2009 እስከ 2019 የተዘጋጀ የ10 ዓመት ፕላን ስለሆነ ዕድሜው ወደ ማለቂያው ደርሷል። «ሊከለስ ነው» የሚለው ወሬም ከዚህ ጋር ይገጥማል። መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲፈለግ የሚነሳበት ሥርዓት ግን ለብቻው አዋጅ አለው፣ 1161/2011። ካሳውም ምትኩም እዚያ ነው። ባለይዞታው በፕላኑ መሠረት ማልማት ከቻለ ራሱ እንዲያለማ ቅድሚያ የሚሰጠው ድንጋጌም እዚያው ውስጥ ነው። ይህችን የመጨረሻዋን ያዙልኝ። ስብሰባ ላይ ብዙ ሰው አያነሳትም።

አሁን ወደ መንገዱ እንምጣ። አሮጌው የአዳማ መንገድ የታመመው ስለጠበበ አይደለም። ሁለት ሥራ ስለተጫነበት ነው። አንዱ ሥራው ማሳለፍ ነው። ተሳቢው፣ አሸዋ የጫነው ሲኖ ትራክ፣ የዱከምና የቢሾፍቱ ሚኒባስ፣ የፋብሪካ ሰርቪሱ ያልፍበታል። ሌላው ሥራው ሰፈሩን ማገልገል ነው። ጎሚስታው፣ ብሎኬት ማምረቻው፣ ሥጋ ቤቱ፣ ጉሊቱ፣ ባጃጁ፣ ታክሲ ጠባቂው ዳሩ ላይ ነው። የመጀመሪያው መብረር ይፈልጋል። ሁለተኛው መቆም ይፈልጋል። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። ይህ መንገድ ግን በየቀኑ ለመውጣት ይሞክራል፤ የሚሰበረውም የእግረኛው እግር ነው። በአዲስ አበባ በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው።

ስለዚህ «መንገዱ ይስፋ» የሚለውን ጥያቄያችሁን በሂሳብ እንየው። አንድ የመኪና መስመር 3 ሜትር ተኩል ቢሆን፣ 2 በ2 የሆነ መንገድ 14 ሜትር ይሰፋል። ሰው በደህና እርምጃ በሴኮንድ 1.2 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ለማቋረጥ 12 ሴኮንድ ይፈጅበታል። 3 በ3 ሲሆን ስፋቱ 21 ሜትር፣ ጊዜው ወደ 18 ሴኮንድ ይሆናል። በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር የሚመጣ መኪና በ18 ሴኮንድ 350 ሜትር ይጓዛል። ማለትም እግርዎን ሲያነሱ 350 ሜትር ርቆ የነበረ መኪና ተሻግረው ሳይጨርሱ አጠገብዎ ነው። ይህ ለጤነኛ ጎልማሳ ነው። ልጅ ያዘለች እናት፣ ጀሪካን የያዘ ልጅ፣ ከዘራ የያዙ አባት ሲሆኑ ሂሳቡን እናንተው ጨምሩበት።

ሰፊ መንገድ ደግሞ ፍጥነትን ይጋብዛል። ምልክቱ 50 ቢልም ሹፌሩ የሚያየው የተዘረጋ አስፋልት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስቀምጠው፣ በመኪና ፊት የተገጨ እግረኛ የመሞት ዕድሉ ፍጥነቱ ከ50 ወደ 65 ሲወጣ 4 እጥፍ ተኩል ይሆናል። 15 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው ልዩነቱ። ሹፌር በስሜት እንኳ አያስተውለውም።

አንድ ነገር ልጨምር። ተጨማሪው 7 ሜትር ከሰማይ አይወርድም። ከግራ 3 ሜትር ተኩል፣ ከቀኝ 3 ሜትር ተኩል፣ ከእናንተ አጥር ነው የሚመጣው። እግረኛ መንገዱና ቦዩ ወደ ኋላ ሲገፉ ደግሞ ከዚያም ሊበልጥ ይችላል። ጎረቤቶችዎ «ይስፋ» ሲሉ ይህን አስበውበታል? መንገድ ዳር ሱቅ ልሥራ የሚል ሰው መንገዱ ይስፋ ብሎ ሲጠይቅ ሱቁ የሚያርፍበትን መሬት አሳልፎ እየሰጠ ነው።

«ታዲያ ድልድይ ይሠራልና!» የሚል አይጠፋም። የቀለበት መንገድን አይተናል። መኪናን በደንብ አሳለፈ። ሰፈርን ግን ለሁለት ከፈለ። እናት ቤት ወዲያ፣ ገበያ ወዲህ ሆነ። የእግረኛ ድልድይ ተሠርቶ እያለ ሰው አጥር እየዘለለ መሀል አስፋልት ላይ ሲቆም ያላየ የአዲስ አበባ ነዋሪ የለም። ሰውን ሰነፍ ነው እንላለን። ሰነፍ አይደለም። ወዲያ ማዶ ለመሄድ 300 ሜትር ወደ ላይ፣ ደረጃ ወጥቶ፣ ደረጃ ወርዶ፣ 300 ሜትር ወደ ታች ሂድ ስትለው ቀጥታውን ይመርጣል። እርስዎም እኔም ያው ነን። ቀላል ባቡሩ በ2008 ሲመጣም ይኸው ነገር ተደገመ። ከመገናኛ ወደ አያት ባለው መስመር መሻገሪያ የሚገኝበትን ቦታ ፈልጎ መሄድ ራሱን የቻለ ጉዞ ነው። ድልድይ የሚጠቅምበት ቦታ አለ፤ መንገዱ ጉድጓድ ውስጥ ሲሆን ወይም ሕንጻ ከሕንጻ ሲያገናኝ። ሜዳ ላይ ግን መፍትሔው መሬት ላይ ያለ ዜብራ፣ መሀል ላይ ሰው የሚያርፍበት አካፋይ፣ ፍጥነት የሚያስቀንስ ጉብታ ወይም ከፍ ያለ መሻገሪያ ነው።

የእናንተን መንገድ ከሌሎቹ የከተማ መውጫዎች የሚለየው ግን አንድ ትልቅ ዕድል አለ። ወደ ሰበታ፣ ወደ ቡራዩ ወይም ወደ ሱሉልታ የሚወጣው መኪና ሌላ ማለፊያ የለውም ማለት ይቻላል። እናንተ ጋ ግን ከቱሉ ዲምቱ የሚነሳ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ የፍጥነት መንገድ አለ። የታጠረ፣ የሚከፈልበት፣ እንደ ልብ የማይገባበት። ማሳለፍ የሚባለው ሥራ ባለቤት አግኝቷል ማለት ነው። ታዲያ አሮጌው መንገድ ለምን አሁንም እንደ ፍጥነት መንገድ ይታሰባል? ክፍያ የሚሸሽ ከባድ መኪና አሮጌውን እንደሚመርጥ አውቃለሁ። እሱን የሚመልሰው ግን የክፍያና የሰዓት ገደብ ውሳኔ ነው። አሮጌውን ማስፋት ለሸሸው መኪና ሽልማት መስጠት ነው። የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ አሮጌው መንገድ ቀስ በቀስ የከተማ ጎዳና መሆን አለበት። ደንቡም ከዚህ መነሳት አለበት።

ሁለተኛው ጥያቄያችሁ «ሁላችንም ንግድ ይፈቀድልን» የሚል ነው። እዚህ ላይ የሚበልጠው ስህተት ጥያቄው ራሱ ነው። ሰው ሁሉ የሚጣላው «ምን ይሠራ?» በሚለው ነው። መንገዱን የሚገድለው ወይም የሚያድነው ግን «በየት ይገባ?» የሚለው ነው።

በከተማ ፕላን ሙያችን የግጭት ነጥብ የምንለው አለ። የሁለት መኪና ጉዞ የሚቆራረጥበት፣ የሚቀላቀልበት ወይም የሚለያይበት ቦታ ነው። ተራ ባለ አራት አቅጣጫ መገናኛ 32 አለው። ባለ ሦስት አቅጣጫው 9። ባለ አንድ መስመር አደባባይ 8 ብቻ። አሁን የእናንተን መንገድ አስቡት። የአንዱ ይዞታ የፊት ስፋት 20 ሜትር ቢሆንና እያንዳንዱ የራሱን በር ወደ አስፋልት ቢያወጣ፣ በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ በአንድ በኩል 50፣ በሁለቱ በኩል 100 በር ይኖራል። አካፋይ በሌለው መንገድ ላይ እያንዳንዱ በር እንደ ትንሽ ባለ ሦስት አቅጣጫ መገናኛ ነው። 100 በ9 ሲባዛ 900። ለዚህ ነው አንድ አይሱዙ ሲሚንቶ ሊያራግፍ ወደ ኋላ ሲገባ መንገዱ እስከ ቃሊቲ የሚቆመው። መኪና ስለበዛ ብቻ አይደለም። በር ስለበዛ ነው።

የንግዱንም ሂሳብ እንየው፤ ምክንያቱም ሱቅ የሚኖረው በፈቃድ ሳይሆን በገዢ ነው። ከተሽከርካሪ ላይ የሚወርድ ገዢ በየ20 ሜትሩ አይወርድም። ታክሲ በሚቆምበት፣ መንገድ በሚገናኝበት፣ ከኮንዶሚኒየም የሚወጣው ሰው በሚያልፍበት ይወርዳል። ቱሉ ዲምቱም ሆነ ቂሊንጦ አካባቢ ደግሞ ይህንኑ ገዢ የሚሻሙ የኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ሱቆች አሉ። 100 ሱቅ በአንድ መስመር ስትደረድሩ አንዱ ቁም ሳጥን፣ ቀጥሎ ያለው ቁም ሳጥን፣ ከዚያ ቡና፣ ከዚያ የግንባታ ዕቃ፣ ከዚያ ደግሞ «የሚከራይ» የሚል ወረቀት ነው የሚሆነው። ንግድ ሲጠራቀም ይሞቃል፤ ሲዘረጋ ይቀዘቅዛል።

ስለዚህ የምመክረው ንግዱ በመገናኛዎች ዙሪያ እንዲጠራቀም ነው። በየ600 ወይም 800 ሜትር አንድ መገናኛ ይመረጥ። እዚያ ከፍ ያለ ሕንጻ፣ ምድር ቤቱ ሱቅ፣ የታክሲና የአውቶቡስ ማቆሚያ፣ ለጉሊትና ለጀበና ቡና የታሰበ ቦታ ይኑር። ከአንዱ መገናኛ እስከ ሌላው ባለው መሀል ሰው ቢበዛ 400 ሜትር ነው የሚሄደው፤ 5 ወይም 6 ደቂቃ ነው። በመገናኛዎቹ መካከል ደግሞ መኖሪያ፣ ቢሮ፣ ክሊኒክ፣ ልብስ ስፌት፣ ፀጉር ቤት ይሁን። እነዚህ ከባድ መኪና አይጠሩም።

መሀል ላይ የሚቀረው ባለይዞታ «እኔስ?» ይላል። ትክክል ነው፣ ይቆጫል። ለዚህ ነው ደንቡ «ንግድ» እና «ንግድ ያልሆነ» ብሎ መክፈል የለበትም የምለው። የሚለካው አገልግሎቱ የሚጠራው መኪናና የሚያራግፈው ጭነት ይሁን። ቆርቆሮና ብረት የሚሸጥ መጋዘን በየቀኑ ከባድ መኪና ይጠራል፤ ከኋላ ወይም ከጎን መግቢያ ሳይኖረው ዋና መንገድ ላይ መፈቀድ የለበትም። የጥርስ ሐኪም ግን የትም ቢሆን ማንንም አያስቸግርም።

ከኋላ መግቢያ ስል ከየት ይመጣል ትሉኛላችሁ። ከእናንተው። ግን በነጻ አይደለም። በምሳሌ ላሳይ። ይዞታዎ 20 በ25 ሜትር ነው እንበል፣ 500 ካሬ። ከጀርባ 4 ሜትር ለጋራ መተላለፊያ ቢለቁ 80 ካሬ ይሄዳል። ከኋላ ያለው ጎረቤትም 4 ቢለቅ የ8 ሜትር መንገድ ተገኘ። በምትኩ ደንቡ አንድ ተጨማሪ ፎቅ ቢፈቅድልዎ፣ ከቀረው 420 ካሬ 60 በመቶው ላይ ቢገነቡ፣ ፎቁ 252 ካሬ ነው። 80 መሬት ሰጥተው 252 ወለል አገኙ። በዚያ ላይ ጭነት በኋላ ይገባል፣ የፊቱ ለሰው ይቀራል፣ የኋላ ክፍሎችም መንገድ አገኙ ማለት ነው። ማስጠንቀቂያው ግን ይህ የሚሠራው ጎረቤት በሙሉ ከተስማማ ብቻ ነው። መሀል ላይ አንድ ሰው አልለቅም ካለ መተላለፊያው ኪስ ይሆናል። ፎቁም በራሱ ገንዘብ አይደለም፤ የሚሠራው ብር ያለው ነው። ስለዚህ መብቱ ሊተላለፍ ወይም ሊቆይ እንደሚችል በጽሑፍ ይግባ በሉ።

ስለ ፎቅ ካነሳን «እንደ አቅማችን» የሚለው ሐሳባችሁ ከምታስቡት በላይ ጥሩ ነው። ደንብ አውጪዎች ዋና መንገድ ዳር አነስተኛ ከፍታ መወሰን ይወዳሉ፤ ከዚህ በታች አይገነባም ይላሉ። ሐሳቡ ጥሩ ከተማ ለመሥራት ነው። ውጤቱ ግን ብዙ ጊዜ ሁለት ነው። ወይ ነባሩ ሰው አቅም አጥቶ ይሸጥና ይሄዳል፣ ወይ ኮለኑ ወጥቶ ብረቱ እየዛገ 10 ዓመት ይቆማል። በደረጃ መገንባት ይፈቀድ ብላችሁ ጠይቁ። ዛሬ ምድርና አንድ፣ ነገ ሦስት። መሠረቱ ግን ከመጀመሪያው ለመጨረሻው ከፍታ የተሰላ መሆን አለበት። እዚህ ላይ ቀልድ የለም። የአቃቂ አካባቢ ዋልካ መሬት ነው። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። የአጥር ግንብ ሲሰነጠቅ አይታችሁ ይሆናል፤ ግንበኛውን ነው የምትረግሙት፣ አፈሩ ነው። የአፈር ምርመራ ሳያስደርጉ ፎቅ ማሰብ አይገባም። ከመሬት በታች መኪና ማቆሚያ ቆፍሩ የሚል ደንብም እናንተ ጋ ውድ ነው። ማቆሚያው ከሕንጻው ጀርባ፣ በዚያው የጋራ መተላለፊያ በኩል ይሁን።

ዲዛይን ሲባል ሰው ቀለምና መስታወት ይመስለዋል። ከቀለም በፊት የሚመጣው የሕንጻው እግር ነው። የምድር ቤቱ ፊት ለመንገዱ ክፍት ነው ወይስ ዝግ? 200 ሜትር የሚሄድ የፋብሪካ አጥር ማታ ላይ ማንም ሴት ብቻዋን ልታልፍበት አትወድም። ደንቡ ፋብሪካን አይከልክል፤ አጥሩ ግን የሚያሳይ ፍርግርግ ይሁን፣ ቢሮው ወደ መንገድ ይውጣ፣ መብራት ይኑረው። ከመንገድ መራቅን በተመለከተም አንድ የተለመደ ስህተት አለ። «ሕንጻው 10 ሜትር ይራቅ» ሲባል የሚገኘው አትክልት አይደለም። የመኪና ማቆሚያ ነው፤ ካልሆነ የተደረደረ ብሎኬት። ሕንጻው ወደ እግረኛው ይጠጋ፤ እግረኛ መንገዱ ግን በደንብ ይስፋና ጥላ ያለው ዛፍ ይተከልበት። ለጉሊት ነጋዴ ሴቶች ቦታ ሳይሰጡ «ይነሱ» ማለት ነገ ተመልሰው እዚያው ማግኘት ነው፤ ታክሲ ማቆሚያው ጋ 2 ሜትር ስፋት ያለው ጠርዝ ይበቃቸዋል።

ውሃን አትርሱ። አቃቂ አካባቢ ለአዲስ አበባ ውሃ የሚወጣባቸው ጥልቅ ጉድጓዶች አሉ። መንገድ ዳር ደግሞ ቶሎ የሚበቅለው ነዳጅ ማደያ፣ ጋራዥና ላቫጆ ነው። የተቃጠለ ዘይት ቦይ ውስጥ ሲፈስ ማንም አያስቆመውም። ደንቡ እነዚህን ሦስቱን በተወሰነ ቦታ ብቻ፣ ዘይትና ውሃ የሚለይ ጉድጓድ ካላቸው ብቻ ይፍቀድ። ዋልካ ውሃ ቶሎ አያሰርግም፤ ስለዚህ የክረምቱ ጎርፍ ያን ሁሉ ይዞ ወደ አቃቂ ወንዝ ነው የሚሄደው።

አሁን ገደቦቹን ልንገርዎ፤ ፕላን ሁሉን አይፈታም። አንደኛው ገደብ ባለቤትነት ነው። ከቃሊቲ ተነስተው ሲሄዱ መጀመሪያ አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ነው። ገላን ሲደርሱ በ2015 የተመሠረተው ሸገር ከተማ ነው፣ ማለትም ኦሮሚያ። ከከተማ ከተማ የሚያገናኘው ዋና መንገድ ደግሞ የፌዴራሉ የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ጉዳይ ነው። አንድ መንገድ፣ ሦስት ባለቤት። በአንዱ በኩል መግቢያ ሲዘጋ በሌላው በኩል ከተከፈተ ሱቁም ጋራዡም ወሰኑን ተሻግሮ ይሄዳል። «ታዲያ አንድ የጋራ ማስተር ፕላን ይውጣ» ማለት ቀላል ነው። ከላይ የመጣው የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የኦሮሚያ ከተሞች የጋራ ማስተር ፕላን ምን እንዳስከተለ ግን አይተናል፤ የሰው ሕይወት ጠፍቶበት በጥር 2008 ነው የተሰረዘው። ገበሬው «የሚሰፋው በእኔ ላይ ነው» ሲል የሚሰማው አላገኘም ነበር። ስለዚህ ከዚያ ያነሰና የሚቻል ነገር ነው የምመክረው። ሦስቱ አካላት ሦስት ነገር ላይ ብቻ ይስማሙ፦ የመንገዱ ወሰን ስንት ሜትር እንደሆነ፣ በሁለት መግቢያ መካከል ስንት ሜትር እንደሚኖር፣ ማቆሚያዎች የት የት እንደሆኑ። ሌላውን እያንዳንዱ በራሱ ፕላን ይሥራ።

ሁለተኛው ገደብ አፈጻጸም ነው። አንድ ጊዜ በሠራሁበት ቢሮ በአንድ መውጫ መንገድ ዳር አረንጓዴ ቀለም የቀባንበት ቆንጆ ካርታ አወጣን። ዛፍ፣ አግዳሚ ወንበር፣ ሁሉ ነገር። ከሁለት ዓመት በኋላ ስሄድ አረንጓዴው ቦታ ላይ ብሎኬት ይመታል። ማንንም አልወቅስም፤ ለቦታው ባለቤት አልሰየምንለትም ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነና ደብዳቤ ጻፍን። ከዚያ ወዲህ ማን እንደሚጠብቀውና በምን ብር እንደሚጠበቅ ያልተጻፈ አረንጓዴ ካርታ ላይ አላምንም። ይህን እናንተም ስብሰባ ላይ ጠይቁ።

ሦስተኛው ደላላ ነው። ደንብ ሊከለስ ነው የሚል ወሬ ሲነሳ መጀመሪያ የሚከለሰው ዋጋ ነው። «ይህ ቦታ ቅይጥ ሊሆን ነው» ብሎ የሚሸጥልዎ ሰው ወረቀት ያሳይዎ። አያሳይዎትም። በሊዝ የተያዘ መሬት ከሆነ ደግሞ ውሉ ላይ ለምን አገልግሎት እንደተሰጠ ተጽፏል። ከዚያ ውጭ ለመጠቀም ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የፕላኑ መለወጥ ብቻ ውሉን አይለውጠውም።

እንግዲህ ስብሰባው ከተጠራ የምትሉትን ልንገራችሁ። «ይስፋ» የሚለውን ተዉት። በምትኩ መሀሉ አካፋይ ያለው፣ ሁለቱም ዳር ሰፊ እግረኛ መንገድ ያለው 2 በ2 ይቆይ በሉ። በመገናኛዎቹ አካባቢ ፍጥነቱ በጉብታና በጠባብ መስመር ወደ 40 ይውረድ፣ ዜብራው መሬት ላይ ይሁን በሉ። «ሁላችንም ንግድ» የሚለውን «የጋራ መግቢያና የኋላ መተላለፊያ ለሠራ ተጨማሪ ፎቅ» በሚለው ቀይሩት። ግንባታ በደረጃ ይፈቀድ በሉ። የመንገዱ ወሰን በካርታ ላይ በሜትር ተጽፎ ይለጠፍ፣ ማንም ባለይዞታ መጥቶ ይይ በሉ። ከሁሉ የምትቆሙበት ይህ የመጨረሻው ይሁን፤ በሌላው መደራደር ይቻላል።

ከስብሰባው በፊት ደግሞ አንድ የቤት ሥራ። ሦስት ሆናችሁ ሜትር ይዛችሁ ውጡ። ከአንዱ ማቆሚያ እስከ ቀጣዩ ድረስ በሁለቱም በኩል ስንት በር ወደ አስፋልት እንደሚወጣ ቁጠሩ። ማለዳ ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 1 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ሰው የት የት እንደሚሻገር ምልክት አድርጉ። ባለሙያው በጎግል ካርታ ያየውን እናንተ በእግራችሁ ያያችሁት ይበልጠዋል። ቁጥር ይዞ የመጣ ነዋሪ ሲናገር መድረኩ ጸጥ ይላል፤ ደጋግሜ አይቻለሁ።

ለራስዎ ጥያቄ፦ ሱቆቹን አሁን አይሥሩ። መጀመሪያ የፕላን ስምምነት በጽሑፍ ይጠይቁ። ያ ወረቀት መሬቱ ለምን እንደሚውልና የመንገዱ ወሰን የት እንደሚያርፍ ይነግርዎታል። ወሰኑ አጥርዎን የሚነካ ከሆነ በዚያ መስመር ላይ የሚያፈሱት ኮንክሪት የእርስዎ አይደለም። ገቢ ቸኩሎብዎት መጠበቅ ካልቻሉ፣ ፈቃዱን አውጥተው ከአጥሩ 4 ሜትር ወደ ውስጥ ገብተው፣ በቀላሉ የሚነሳ ሳይሆን መሠረቱ ለፎቅ የታሰበ አንድ ሱቅ ይጀምሩ። አጥሩን ያፍርሱት፤ የፊቱን 4 ሜትር ግን ድንጋይ አንጥፈው ለእግረኛ ይተዉት። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ሱቅ የጀርባው መተላለፊያ ነገር ሲለይለት ይቀጥላሉ። ከጎን ካለው ጎረቤትዎ ጋርም ሁለታችሁ በአንድ በር የምትገቡበትን ውል ዛሬውኑ መጻፍ ትችላላችሁ። ለዚህ የማንም ክለሳ አያስፈልግም።